ሉል በወርቅ ሚዛን

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ወርቅ ቤት እሠራ ነበር። ገበያችን ከሞላ ጎደል ወርቅና ብር ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ዕቃው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ግራሙ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ ትንሽ ክርክር፣ አለቀ። ሉል፣ ደንበኞቻችን ፐርል የሚሉት፣ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። እሱም ብዙውን ጊዜ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለት እኅትማማቾችና ታናሽ ወንድማቸው አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። እናታቸው ጅዳ ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱ ሴት ነበሩ። ሲያርፉ ሦስት የሉል ሐብል ትተዋል። ቤቱም ወርቁም በሰላም ተካፍሎ፣ ሐብሎቹ ላይ ሲደረስ ነገር ተበላሸ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና፣ “በል ልጄ፣ እዚህ ሚዛን ላይ አውጣልን። ግራሙ ሲታወቅ ጭቅጭቁም ያልቃል” አሉኝ።

ሐብሎቹ ከመሀረብ ወጡ። አንዱ ትንንሽ፣ ነጭ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ክብ ፍሬዎች። ሁለተኛው ወፋፍራም፣ ወደ ብርማ የሚያደላ ነጭ። ሦስተኛው ጠቆር ያለ። ታላቅየዋ ወፍራሙን ከእጇ አልለቀቀችም። ጥቁሩን ወደ ወንድሟ ገፋ አድርጋ “ይኼማ ቀለም የተነከረ ነው፣ እሱ ይውሰደው” ስትል ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ።

ባልደረባዬ እጁ እንደለመደው የአሲዱን ጠርሙስ አነሳ። ወርቅ የምንፈትነው እንደዚያ ነዋ። ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ከጓዳ ሆነው ጮኹ። “ተው አንተ! አሲድ ይበላዋል!” እውነታቸውን ነው። ሉል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ንጥረ ነገር። እንኳን አሲድ፣ ሎሚም ያበላሸዋል።

ጋሼ ሐብሎቹን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። የሱቃችን አምፖል ወርቁን እንዲያደምቅ ቢጫ ነው፤ ለሉል አይሆንም። ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ደረደሯቸው። ትንሹ ነጭ ላይ የመስኮቱ ብረት ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በየፍሬው አንዳንድ መስኮት። ወፍራሙ ላይ ያው መስኮት ደብዘዝ ይላል፤ ብርሃኑ ከውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ጥቁር ሲባል የዋለው ደግሞ ማን ይሙት፣ ጥቁርም አልነበረም። አንዱ ፍሬ አረንጓዴ ያጠላበት ግራጫ ነው፤ ቀጣዩ እንደ ርግብ አንገት ባዞሩት ቁጥር ይለዋወጣል፤ ሌላው ወደ ሐምራዊ ያደላል።

“ቀለም ቢነከር ኖሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር” አሉ ጋሼ። በማጉያ መነጽር ቀዳዳዎቹን አዩ። የተነከረ ሉል ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ይጠራቀማል፣ ክሩንም ይነካዋል። እዚህ ክሩ ንጹሕ ነው። “ይኼ የታሂቲ ይመስለኛል” አሉና መነጽሩን ለልጁ ሰጡት። እኔም ተራዬን አየሁ።

ታሂቲ ይባል እንጂ የሉሉ እርባታ በብዛት ያለው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሌሎቹ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ዙሪያ ነው። የሚያፈራው ከንፈረ ጥቁሩ ኦይስተር የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው። ይህ ዝርያ በቀይ ባሕርም ይኖራል፤ ዳህላክ አካባቢ ሰዎች ለሉል ሲጠልቁ የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። ትንሹ ነጭ አኮያ ነው፣ በተለይ ጃፓን የምትታወቅበት። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው። ወፍራሙ የደቡብ ባሕር የሚባለው ነው፤ ከአውስትራሊያ፣ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ ይመጣል። ወርቃማም አለው።

“ሰው ካረባው ታዲያ እውነተኛ ነው ይባላል?” አሉ ሽማግሌው። “አባቴ፣ ሰው የውስጥ ፍሬ ያስገባል እንጂ ሽፋኑን የሚሠራው እንስሳው ነው” አሏቸው ጋሼ። የሉል አርቢው ኮኪቺ ሚኪሞቶ ጃፓን ውስጥ በ1893 እ.ኤ.አ. ግማሽ ክብ ሉል ካፈራ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ገበያውን የሞላው እርባታ ነው።

ሚዛኑን ከንቱ ያደረገውም ያ የውስጥ ፍሬ ነው። ከዛጎል ተጠርቦ የሚገባ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ለረጅም ዘመን ሲመጣ የኖረውም ከአሜሪካ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዛጎል ነው። የባሕር ሉል ተብሎ ሆዱ ውስጥ የወንዝ ዛጎል! ደረሰኝ ጀርባ ላይ አሰላሁላቸው። 7 ሚሊሜትር የሆነ አኮያ ዙሪያውን 0.4 ሚሊሜትር ሽፋን ቢኖረው፣ ከይዘቱ 70 በመቶ ያህሉ የውስጥ ፍሬው ነው። 12 ሚሊሜትር የሆነ የደቡብ ባሕር ሉል 2 ሚሊሜትር ሽፋን ቢኖረው ተገላቢጦሽ ነው፤ የውስጥ ፍሬው 30 በመቶ ግድም ብቻ።

ታላቅየዋ “አላልኳችሁም!” አለች። ጋሼ ግን አላስጨረሷትም። የደቡብ ባሕር በአብዛኛው ከሦስቱ ውዱ ነው፤ የእሷ ሐብል ላይ ግን ብዙዎቹ ፍሬዎች ወገባቸው ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር አላቸው፣ ጥቂቶቹም ተቦርቡረዋል። ጥቁሩ ንጹሕ ነው፣ ክብ ነው። አኮያው ያምራል፣ ግን ማንጠልጠያው አጠገብ ያሉት ፍሬዎች ፈዘዋል። መካከለኛዋ “እማዬ ሽቶ የምትነሰንሰው እዚያ ላይ ነበር” አለች። የእናታቸው የዘወትር ሐብል እሱ ነበር።

ጋሼ ዋጋ አልቆርጥም አሉ። የእያንዳንዱን ዓይነት፣ መጠንና ጉድለት በወረቀት ጽፈው ሰጡ፣ ቁርጡን ማወቅ ከፈለጋችሁ በኤክስሬይ የሚያይ ላብራቶሪ ነው የሚለየው አሏቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው ነገሩን ቆረጡት። ታላቅየዋ ወፍራሙን ትውሰድ፣ ግን ቀድሞ ከደረሳት ወርቅ አንድ አምባር ለታናሾቿ ትልቀቅ። አጉረመረመች፣ ግን ተስማማች። ጥቁሩን ወንድሟ በደስታ ወሰደ።

አኮያው እኛ ጋ ቀረ፤ ክሩ ላልቶ ነበር። በሐር ክር፣ በየፍሬው መካከል ቋጠሮ ተደርጎ እንደገና መሰካት አለበት። ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ነው፣ ፍሬዎቹም እርስ በርስ አይፋተጉም። መካከለኛዋ ዋጋውን ስትሰማ፣

“ለቋጠሮ? ጋሼ፣ ቋጠሮማ እኔም እችላለሁ!” አለች።

“የኔ እናት፣ ሞክሪውና ሰኞ አምጪው” አሉ ጋሼ። ሳቀች። ትንሽ ቀነሱላት፣ ቀብድ ከፍላ ሄደች።