ወዳጄ ሊፈርም ነው

ለንደን ውስጥ አንድ የልብ ወዳጅ አለኝ። አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ ሆስፒታል ትሠራለች። ሁለቱም ሌት ተቀን ለፍተው ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች። አሁን ያቺን ገንዘብ ይዞ ፍራንቻይዝ ሊገባ ነው፤ ማለትም የሌላ ኩባንያ ስም ተከራይቶ በራሱ ገንዘብ ቅርንጫፍ ሊከፍት። ካፌው የውጭ ነው፤ ቡናና ዶናት ይሸጣል። ከዓመታት በፊት እዚህ አገር ሞክሮ፣ አልሆን ሲለው ወጥቷል። አሁን ተመልሶ ሊገባ ስለሆነ ቅርንጫፍ የሚከፍትለት ሰው ያፈላልጋል። ድርድሩ ገና ስላላለቀ ስሙን አላነሳም።

እሑድ ዕለት ቤቱ ጠርቶኝ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። «አንተ ካፌ ሠርተሃል፣ እስቲ እየው» አለኝ። ሚስቱ ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ብላ፣ «ወንድሜ፣ እሱ ልቡ ሸፍቷል። አንተ እንኳ እውነቱን ንገረው» አለችኝ። ያን ማታ የምለው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ ሳነብና ሳስብ ከረምኩ። ለእሱ ከመናገሬ በፊት ለራሴ እንዲጠራልኝ እዚህ ልጻፈው።

ከዚህ አገር ወጥቶ በመመለስ ዳንኪን ዶናትስ የተባለውን የአሜሪካ ቡናና ዶናት ቤት የሚያህል የለም። አጀማመሩ ደስ ይለኛል። መሥራቹ ቢል ሮዘንበርግ በፊት በመኪና እየዞረ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ያቀርብ ነበር። ከሽያጩ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቡናና ዶናት መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኩዊንሲ በምትባል ከተማ ሱቅ ከፈተ። በ1950 ስሙ ዳንኪን ዶናትስ ሆነ። በ1955 ደግሞ ፍራንቻይዝ መስጠት ጀመረ። ሰውየው ሱቁን ሲከፍት ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚገዛ ያውቅ ነበር። ደንበኞቹን ያወቀው መኪናው በር ላይ ቆሞ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ግን እንዲህ አልሆነለትም። መጀመሪያ የገባ ጊዜ ብዙም ሳይገፋ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጣ። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2013 መጨረሻ ሰሜን ምዕራብ ለንደን ሃሮው ላይ እንደገና ከፈተ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለንደን ላይ 50 ያህል ሱቅ ለመክፈት ታቅዶ ነበር።

እኔን ያስገረመኝ የወጣበት ጊዜ ነው። ኮስታ የተባለውን ቡና ቤት ያቋቋሙት ሁለት ጣሊያናውያን ወንድማማቾች ናቸው፣ በ1971፣ እዚሁ ለንደን። ዊትብሬድ የተባለው ትልቅ ኩባንያ የገዛቸው በ1995 ነው። ያኔ የነበራቸው ሱቅ 40 ገደማ ብቻ ነበር። በ1997 ካፌ ኔሮ ተከፈተ። በ1998 ስታርባክስ ሲያትል ኮፊ ካምፓኒ የተባለውን የለንደን ድርጅት ከነሱቆቹ ገዝቶ ገባ። ይህ አገር ከሻይና በሙቅ ውሃ ከሚበጠበጥ ቡና ወጥቶ በየመንገዱ ላቴ ይዞ መሄድ የለመደው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው። ዳንኪን ገበያው ገና ሊጥ ሳለ ወጣ፤ ተጋግሮ፣ ተቆርሶ፣ ሁሉም ድርሻውን ከያዘ በኋላ ተመለሰ።

በተመለሰበት ጊዜ ኮስታ ብቻውን ብሪታንያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ሱቅ ነበረው። ደግሞ ሱቅ ብቻ አይደለም። በ2011 ኮፊ ኔሽን የተባለውን ድርጅት ገዝቶ፣ ማሽኖቹን ኮስታ ኤክስፕረስ ብሎ በየነዳጅ ማደያው አቆመ። ቫን ይዞ ሲነጋጋ የሚወጣ ሠራተኛ ነዳጅ ሊከፍል ሲገባ ቡናው እዚያው አለ። ዳንኪን አሜሪካ ውስጥ የኖረው በዚሁ ሰው ነው፤ በመኪና እየሄደ፣ ሳይወርድ በመስኮት ገዝቶ በሚያልፈው። እዚህ ያንን ሰው ቀድመው ይዘውታል።

ከሁሉም በላይ የከበደው ግን ግሬግስ ይመስለኛል። ግሬግስ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ዳቦ ቤት ነው። ዳንኪን በተመለሰበት በዚያው በ2013 አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሾመና የዳቦ ቤትነቱን ነገር እየተወ ቁርስና ቡና ላይ አተኮረ። ዛሬ ከ2,000 በላይ ሱቅ አለው። እኔ ባቡር የምይዝበት ጣቢያ አጠገብ አንድ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የግንባታ ሠራተኞች ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ተሰልፈው ታያለህ። ቤከን፣ ማለትም ጨው የገባው የአሳማ ሥጋ፣ ያለበት ዳቦና ቡና በአንድ ሂሳብ ይወስዳሉ። ሻጯ ብዙዎቹን በመልክ ታውቃቸዋለች፤ ሳይናገሩ ትሰጣቸዋለች። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰው ለማውጣት ምን ያህል ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ አስበው። ሰውየው ጣፋጭ አላማረውም። የራበው ጨው ያለበት፣ ትኩስ፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ነው።

ዶናቱስ? እንግሊዞች የራሳቸው ዶናት አላቸው። ድቡልቡል ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ የለውም፣ ውስጡ ማርማላታ አለ፣ ላዩ ስኳር ነስንሰውበታል። ቅርጹ ትንሽ ይለያል እንጂ ለእኛ ቦምቦሊኖ ነው። ማንኛውም ሱፐርማርኬት አምስቱን በአንድ ከረጢት በርካሽ ይሸጣል። ልጆች ያደጉት በእሱ ነው። ቀለም የተቀባውንና ያማረውን የሚፈልግ ደግሞ ክሪስፒ ክሬም አለለት። ይህ ሌላው የአሜሪካ ዶናት ቤት በ2003 ሃሮድስ በሚባለው የለንደን ትልቅ የሀብታም መደብር ውስጥ ጀመረ። ከዚያ ቴስኮ የተባለው ሱፐርማርኬት ውስጥ የራሱን መደርደሪያ አስገባ። ሰው ወተትና ሽንኩርት ሊገዛ ሄዶ ለመሥሪያ ቤት ልደት አንድ ካርቶን ይዞ ይወጣል። ለሱቅ ኪራይ ሳይከፍሉ ደንበኛውን እቤቱ ደጃፍ ማግኘት ማለት ይሄ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሊገባ ያሰበው እዚህ መሐል ነው።

እኔ ለንደን እንደመጣሁ አንድ ካፌ ውስጥ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ዶናት ከሌሊት ጀምሮ ሌላ ቦታ ተጠብሶ በመኪና ይመጣልናል። ጠዋት ሲደረደር ያምራል። ከሰዓት ላይ የተቀባው ስኳር ላቦት ይጀምረዋል። ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፣ ቸኮሌቱ ይደበዝዛል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከመደርደሪያው የቀረውን ቆጥሬ ቅጹ ላይ እጽፍና በጥቁር ፌስታል እጥለዋለሁ። ለነገ ማሳደር አይቻልም። ጥቂት አዘዝክ እንዳትባል መደርደሪያው ባዶ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ብዙ ካዘዝክ ደግሞ ትርፍህ ፌስታሉ ውስጥ ነው። ቡናው እንዲህ አይደለም፤ ፍሬው ይቆያል። ስለዚህ ዶናት ቤት የሚባለው ሁሉ የሚኖረው በቡናው ነው። ዳንኪን ራሱ ከ2019 ጀምሮ «ዶናትስ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶታል። ቡናው ላይ ደግሞ ኮስታም፣ ኔሮም፣ ስታርባክስም፣ ግሬግስም ቆመውበታል።

ሂሳቡ ላይ ልምጣ። ዳንኪን አሜሪካ ውስጥ ከባለ ፍራንቻይዞቹ የሚወስደው 5.9 በመቶ ነው። ለማስታወቂያ ደግሞ 5 በመቶ ይጨመራል። ይህ ከትርፍ የሚቆረጥ እንዳይመስልህ። ከሽያጭ ነው። 100 ዶላር ከሸጥክ፣ አተረፍክም ከሰርክም፣ 11 ዶላር ገደማ ይሄዳል። ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ መብራቱ፣ ግብሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ውል እንደ አገሩና እንደ ተዋዋዩ ይለያያል፤ ወዳጄ ያሳየኝ ወረቀት ላይ ያለው አካሄድ ግን ከዚህ የራቀ አይደለም። እዚያ ላይ ሱቁን የሚያከራየው ሰው የግል ዋስትና ይጠይቃል። ማለትም ሱቁ ቢዘጋ ኪራዩ ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ይመጣል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ አንቀጽ ነው። ኩባንያው አልሆን ካለው እንደ በፊቱ ይወጣል። ሌላ አገር አለው። ወዳጄ ግን ወዴት ይወጣል? ልጆቹ የሚማሩት እዚህ፣ ቤቱ እዚህ፣ ዕድሜው የሄደው እዚህ።

በስም መክፈልን አልንቅም። ስም ዋጋ አለው። አገራችንም ይህን ተሟግታበታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት አሜሪካ ላይ አመለከተች። ብዙ ክርክር አልፎ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ግን ይርጋጨፌ የሚለው ስም የሚሸጠው ሰው ስለሚፈልገው ነው። ወዳጄ የሚከራየውን ስም እዚህ ሰፈር ስንት ሰው ይፈልገዋል? አሜሪካ ውስጥ መወደዱ እዚህ ለንደን ለዌምብሌይ ሰው ምኑ ነው?

ስምና ተከራዩ ካልተስማሙ ደግሞ መጨረሻው አያምርም። ዳንኪን ከሩሲያ በ1999 የወጣው አትራፊ ባለመሆኑ ነበር፤ አንዱ ባለ ፍራንቻይዝም ከዶናቱ ጎን አረቄና የሥጋ ጥብስ ይሸጥ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። የኩባንያው ሰዎች መናደዳቸው አይገርምም። እኔ ግን ስለዚያ ሰው አብዝቼ አስባለሁ። ኪራይ ደርሶበት፣ ዶናቱ አልሄድ ብሎት፣ የሰፈሩ ሰው የሚገዛውን ነገር አምጥቶ ይሆናል። ወዳጄም ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤከን ቢጠይቀው ውሉ አይፈቅድለትም። የሚሸጠው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዳንኪን ሩሲያ የተመለሰው በ2010፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።

ወዳጄ ሞኝ አይደለም። የሱንም ነጥብ ልጻፍ። ወጣቶቹ ባለ ቀለም ቀዝቃዛ መጠጥ ይወዳሉ፣ በስልክ ያዛሉ፣ የአሜሪካን ነገር ሁሉ ያውቁታል ይላል። እውነቱን ነው። የሱ ልጅ ራሷ ስሙን ስትሰማ ዘላለች። ተመልሶ የተሳካለትም አለ። ዌንዲስ የተባለው የበርገር ቤት በ2000 አካባቢ ከብሪታንያ ወጥቶ፣ በ2021 ሬዲንግ ላይ ተመልሶ ከፈተ፤ ከዚያም ሌሎች ከተሞች ገባ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ።

ግን የዌንዲስን ነገር ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። የመጀመሪያዎቹን ሱቆች የከፈተው ኩባንያው ራሱ ነው፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ሠራተኞች። ባለ ፍራንቻይዞቹ ቀጥለው መጡ። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ገበያው እንደሚሠራ የሚያምን ኩባንያ የመጀመሪያውን ክረምት ራሱ ይከሰርበት። የሰፈሩን ሰው ጠዋት ራሱ ይማረው። ዝርዝሩ ላይ ምን መጨመር እንዳለበት በራሱ ኪሳራ ይወቅ። ወዳጄ ወረቀት ላይ ግን ኩባንያው እዚህ አገር የሚከፍተው የራሱ ሱቅ አንድም የለም። ሁሉንም የሚከፍቱት እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ናቸው። የሱ ሱቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይህንን «ዕድል ነው» ብለውታል። እኔ አደጋ ነው የምለው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውዬ አትፈርም እለዋለሁ። ለዘላለም አይደለም። በመጀመሪያ እነሱ አንድ ሱቅ ይክፈቱና አንድ ዓመት ይሥሩበት። ሂሳቡን ያሳዩህ፤ በቀን ስንት እንደሚጣል ጭምር። የግል ዋስትናው ይውጣ፣ ካልወጣም ገደብ ይበጅለት። በዙሪያህ ሌላ ቅርንጫፍ እንደማይከፍቱ በጽሑፍ ይስጡህ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። ይቆጣኝ ይሆናል። «አንተ ደግሞ ሁሌ ፈሪ ነህ» ይለኝ ይሆናል። ይበለኝ። እሷ እውነቱን ንገረው ብላኛለች፣ ያወቅኩት እውነት ደግሞ ይሄ ነው።

ማክሰኞ እሱ ከሰዓት ነው የሚገባው፣ እኔም ዕረፍት ነኝ። ሱቁ ሊሆን የታሰበው ቦታ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ እንገናኝ እለዋለሁ። ከግሬግስ ከረጢት ይዞ የሚወጣውን፣ ከኮስታ የሚወጣውን፣ ባዶ እጁን የሚያልፈውን አብረን እንቆጥራለን። ባዶ እጃቸውን የሚያልፉት ብዙ ከሆኑ እሱ ይናገር፣ እኔ እሰማለሁ።