ችላ ያልሁት ቢጫ መስመር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የጨርቅ ሱቅ የሽያጭ መተግበሪያ ኮትሊን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስሠራ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ) «ቅናሽ» ያልሁት ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ጥቅም ላይ አልዋለም ብሎ በቢጫ መስመር ቢያስጠነቅቀኝም፣ ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ አለፍሁት። ነገሩ የታወቀው ባለሱቁ ከ1,000 ብር ላይ 50 ብር ቢቀንስም ደረሰኙ ሙሉውን ሲያሳይ ነው፤ ለካ ቅናሹን አስልቼ ከድምሩ መቀነሱን ረስቼዋለሁ። ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ብቻ ተለዋዋጩን ሰርዤው ቢሆን ኖሮ (ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው) የስህተቱ ፍንጭ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ስለ ተሻሩ፣ ማለትም ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው ስለተባሉ፣ የኮድ ክፍሎች የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድሮይድ 11 ጋር የተሻረው አሲንክታስክ (ሥራን ከጀርባ የሚያስኬድ የአንድሮይድ ክፍል) አሁንም ስለሚሠራልኝ፣ ለዚሁ ሥራ ወደሚያገለግለው የኮትሊን ዘዴ፣ ወደ ኮሩቲን፣ የምቀይረው ጊዜ ሳገኝ ነው። ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት የሚያስቆጥረውን ምርጫ ያላበራሁትም በአሲንክታስክ ምክንያት ኮምፓይለሩ ኮዱን አልቀበል ስለሚለኝ ነው።