ራውተሬን ሐሙስ ማታ ገደልኩት

አርብ ከጁምዓ በኋላ እኛ ቤት ያለው ራውተር የእኔ አይደለም፤ የእማ ነው። ታላቅ እህቴ ጅዳ ትሠራለች፤ ዕረፍቷም አርብ ብቻ ናት። እማ ቡናውን ታቀርብና ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ኢሞ ትከፍታለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ያወራሉ። እጣኑ ሲጨስ እህቴ "ሽታው ደረሰኝ" እያለች ትቀልዳለች። እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ላይ አዲስ ፈርምዌር ልጭን መነሳቴ የጤና አልነበረም።

ፈርምዌር ማለት ራውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚያዘው ሶፍትዌር ነው። የእኔው ራውተር ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7፣ ሁለተኛው ስሪት ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ አንዱ አንቴናው በፕላስተር የታሰረ ነው። 16 ሜጋባይት ማስቀመጫና 128 ሜጋባይት ራም አለው። ከኪሳችን ስልክ ጋር ካስተያያችሁት ምንም ነው፤ ለኦፕንደብሊውአርቲ፣ በፋብሪካው ፈርምዌር ፋንታ ለሚጫነው ነፃ ፈርምዌር፣ ግን ይተርፋል። 4 ሜጋባይት ማስቀመጫና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ የድሮ ራውተሮች ከ19.07 ስሪት በኋላ ቀርተዋል። ስለዚህ ያገለገለ ራውተር ስትገዙ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

(የስሙ ነገር፦ "ደብሊውአርቲ" የመጣው በ2002 መጨረሻ ገበያ ላይ ከዋለው ሰማያዊና ጥቁር ሊንክሲስ ራውተር ነው፤ ደብሊውአርቲ54ጂ ይባል ነበር። ውስጡ ሊኑክስ መሆኑ ሲታወቅ፣ የሊኑክስ ፈቃድ ስለሚያስገድድ ኮዱ በ2003 ይፋ ወጣ። በ2004 ደግሞ ሰዎች ያንን ይዘው የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካው የጫነውን ትቼ ወደዚህ የገባሁት ለፍጥነት ብዬ አይደለም። የእኛ ሰፈር መስመር በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ነው፤ ወደ ታች 4 ሜጋቢት ገደማ፣ ወደ ላይ 0.7። ማንም ራውተር ከዚህ በላይ አያወጣለትም። ችግሩ ሌላ ነበር። ወንድሜ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ መጫን ሲጀምር የፍጥነት መለኪያው 3.8 ይላል፤ እማ ደግሞ "ፊቷ ደረቀ" ትላለች። እህቴ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ቀርታለች ማለት ነው። መለኪያውም እማም አልዋሹም።

ነገሩ የገባኝ ፒንግ ስለካ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ፓኬት፣ ትንሽ የመረጃ ቁራጭ፣ ሄዶ ለመመለስ 85 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ወንድሜ ሲጭን 1,900። ወደ ሁለት ሰከንድ! እማ "እንዴት አደርሽ" ብላ መልሱ እስኪመጣ ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ያወራሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። አንዱ ነጋዴ አሥር ኩንታል ጤፍ አራግፎ ቆሟል፤ ከኋላው እማ አንድ ቁና የሽሮ እህል ይዛ ቆማለች። ወፍጮው ፈጣን ነው፤ ለእማ ግን ምን ይፈይድላታል? ጥፋቱ የግቢው ስፋት ነው። ሞደሙ (ራውተሩን ከስልክ ሽቦው ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ውስጥ ያለው ግቢ ማንንም "ሞልቷል፣ ተመለስ" አይልም፤ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ያስሰልፋል። የወንድሜም ስልክ "ተቀበለኝ" ብሎ ሌላ ኩንታል ይልካል። በቋንቋቸው ቡፈርብሎት ይሉታል።

ኦፕንደብሊውአርቲ ላይ ኤስኪውኤም የሚባል ነገር አለ፤ ውስጡ ኬክ የሚሉት የወረፋ ደንብ አለው። ሥራው የአስተዋይ ባለወፍጮ ነው። ለእያንዳንዱ ንግግር የየራሱን ሰልፍ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ሰልፍ ጥቂት ጥቂት ይፈጫል፤ ስለዚህ ቁና ይዞ የመጣ ቶሎ ይወጣል። አሥር ኩንታል የጫነው ሰልፍ ከልክ በላይ ሲቆም ደግሞ አንዱን ጆንያ አውጥቶ ይጥለዋል። መጣሉ ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ላኪው ስልክ "ቀስ በል" የሚለውን መልእክት የሚሰማው በሱ ነው። ኮዴል የተባለው ቀመር ፓኬት ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሰልፍ ላይ መቆየቱን ይመለከታል፤ ይህ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ካልተሻሻለ መጣል ይጀምራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰልፉ እኔ ራውተር ላይ ከተሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ራውተሩን ከመስመሩ አቅም ትንሽ አሳንሼ፣ 85 በመቶ ገደማ ላይ አቆመዋለሁ፤ ሞደሙ ግቢ ውስጥ ማንም እንዳይከማች። ኤዲኤስኤል ላይ ሌላም ጣጣ አለ። መረጃው 53 ባይት በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ተቆራርጦ ይሄዳል (አሠራሩ ኤቲኤም ይባላል፣ የባንኩ አይደለም)፤ ከ53ቱ ጭነቱ 48 ብቻ ነው። 49 ባይት ካለህ ሁለት ክፍል ይሄዳል፣ ሁለተኛው ባዶውን ማለት ይቻላል። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ቢሆን ኖሮ እስኪሞላ መናኸሪያ ላይ ያስቆማችሁ ነበር፤ ይኼኛው ሳይሞላ ይወጣል። ለኬክ "መስመሬ ኤቲኤም ነው፣ በየፓኬቱ ላይ የሚጨመረው ሸክም 44 ባይት ነው" ብላችሁ ካልነገራችሁት ሒሳቡ ይሳሳታል። እኔ ይህን መስመር ባዶ ትቼ ሁለት ወር "አይሠራም" ስል ከርሜአለሁ።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ከ23.05 ወደ 24.10 ልሻገር ነበር። አዲሱ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) 6.6 ነው፣ የድሮው 5.15፤ የእኔ ፍላጎት ደግሞ ፒንጉ እንዳይበላሽ ብቻ ነበር። ፋይሉን ቀን ሥራ ቦታ አውርጄ ሻ256ቱን፣ ፋይሉ እንዳልተበላሸ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አመሳክሬ ነበር። የቅንብሩን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጫለሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ጋቢ ተከናንቤ አዝራሩን ተጫንኩ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የቤቱ መብራት እልም አለ።

ከጓዳ የወንድሜ ድምፅ መጣ፦ "አንቺ፣ ዋይፋይ ጠፋ!"

"መብራቱም ጠፍቷል፣ አላየህም?"

5 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሲመለስ ራውተሩ አንድ መብራት ብቻ አበራ። ሌላው ጨለማ። ጠበቅኩ፤ ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው። ሞቷል።

እንዲህ ያለ ራውተር ግን እስትንፋሱ አይቋረጥም። መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ዩቡት፣ ለብቻው ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ ማሻሻያው አይነካውም። ቁልፉን ተጭናችሁ ስታበሩት በኬብል የተያያዘውን ኮምፒውተር ፋይል ይጠይቃል። አድራሻውም የፋይሉም ስም የተወሰኑ ናቸው፦ ኮምፒውተሩ 192.168.0.66 መሆን አለበት፤ ፋይሉ ደግሞ ለዚህ ሞዴል "አርቸርሲ7ቪ2"፣ "ቲፒ" እና "ሪከቨሪ" በታች ሰረዝ (_) ተያይዘው፣ መጨረሻው "ቢን" መሆን አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል ነው እንጂ በግዕዝ ብትጽፉለት አይሰማችሁም።

የሚሰጠው ፋይል የማሻሻያው ዓይነት ሳይሆን "ፋክተሪ" የሚባለው ነው። እሱን አላወረድኩም ነበር። በሞባይል ዳታ፣ ሌሊት፣ በረንዳ ላይ ቆሜ አወረድኩት።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልወሰደልኝም። ለካ ዊንዶውስ ቅጥያውን ስለሚደብቅ ፋይሉ "ቢን.ቢን" ሆኖ ኖሯል። እሱን ሳስተካክል ደግሞ ፋየርዎሉ ከለከለ። ፋየርዎሉን ሳጠፋ አዲስ ፍርሃት መጣ፤ መብራቱ እንደገና ቢሄድስ? ፋይሉ ራውተሩ ላይ እየተጻፈ መሃል፣ ሁለተኛ ጊዜ?

ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የባጃጅ ሾፌር አለ። መብራቱን አይቶ ብቅ አለ። ነገርኩት። "አብሽሪ እህቴ" አለና የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠልኝ። የራውተሩ ቻርጀር ላይ 12 ቮልት 2.5 አምፔር ተጽፏል፤ ባትሪው በመልቲሜትር 12.6 አሳየኝ፤ ለራውተሩ ችግር የለውም። የተበላሸ ቻርጀር ሽቦ ቆርጬ፣ መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጬ ሰካሁት። ቁልፉን ተጭኜ አበራሁ። የደብሊውፒኤስ መብራት ቦግ ሲል ለቀቅኩት፤ ላፕቶፑ ላይ የተላከው ፋይል መስመር ሲያልፍ አየሁ። ሾፌሩ "ተነሳ?" አለኝ። "ይመስለኛል" አልኩት። ቁጭ ብለን የመብራቶቹን ብልጭታ እንደ ሕፃን ልብ ምት ቆጠርን።

ተነሳ። አልሐምዱሊላህ።

ጠዋት ወንድሜ "ዋይፋዩ ስሙም የለም" ብሎ ቀሰቀሰኝ። ኦፕንደብሊውአርቲ አዲስ ሲጫን ዋይፋዩ ዝግ ነው፣ የይለፍ ቃልም የለውም፤ በኬብል 192.168.1.1 ገብታችሁ ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ። ቅጂዬን መለስኩ፤ የዋይፋዩ ስም መጣ፤ ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን ፒንግ ስለካ፣ ወንድሜ እየጫነ፣ 1,700። ሆዴ ባር ባር አለ። አዲሱ ስሪት አበላሸው ብዬ ልምልበት ጥቂት ሲቀረኝ ነው የታየኝ፦ ቅጂው የሚይዘው ቅንብሩን ነው፤ ፓኬጁን አይደለም። የኤስኪውኤም ቅንብር ፋይል በቦታው ተቀምጧል፤ የሚያነበው ግን የለም። ፓኬጁን ጫንኩ፤ 3,400 ወደ ታች፣ 600 ወደ ላይ፣ ኤቲኤም፣ 44። ደግሜ ለካሁ፦ 105። አሥር ጊዜ ለካሁ፤ ከ130 አልበለጠም።

የዋይፋዩን አቅምም ለካሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ሳሎን ሁለቱም ሞገድ፣ 2.4ቱም 5 ጊጋኸርዙም፣ ጥሩ ነው። ማድቤቱ ለብቻው ስለሆነ 5 ጊጋኸርዙ ሁለት የጭቃ ግድግዳ አልፎ ይሞታል፤ 2.4ቱ ይደርሳል። ከድሮው ስሪት ልዩነት የለውም፣ ግድግዳውም ያው ነውና። ሀገሩን "ኢቲ" ብሎ መሙላት አትርሱ፤ ካልሞላችሁ ለሁሉም ዓለም የሚሆነውን ጠባብ ደንብ ይዞ ይቀመጣል።

ወንድሜ ቪዲዮው ለመጫን ከድሮው ትንሽ ዘገየብኝ ብሎ አኩርፏል። እውነቱን ነው፤ ከመስመሩ 15 በመቶ ቆርጬበታለሁ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ እማ ቡናውን አቀረበች። እኔ ራውተሩ አጠገብ ላፕቶፔን ከፍቼ ፒንጉን እያየሁ ነበር፤ ወንድሜ ሆን ብዬ አስጭኜው ቪዲዮውን እየላከ ነው። እህቴ ስልኩን አነሳች። ምስሉ ከወትሮው የጠራ ነው፤ ድምፁም አይቆራረጥም። እማ ዝም ብላ ትንሽ አየቻት።

"ከስተሻል" አለቻት።

"ካሜራው ነው እማ።"

"ካሜራው አይደለም። ልጄ ሌሊቱን ስትሠራው አድራለች።"