ከገደሉ ሥር የተገኘው የራስ ቅል

በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ገደላማ አካባቢ፣ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች ከገደል ሥር አንድ ትንሽ የራስ ቅል ከነታችኛው መንጋጋው አግኝተው ሥራ አቆሙ። ግማሾቹ «የሕፃን ልጅ ነው» ሲሉ፣ ሌሎቹ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊት ሌሊት በዚያ ገደል እንደሚያድሩ እያስታወሱ ስለተከራከሩ፣ አንድ የፖሊስ ሳጅን ቅሉን በጨርቅ ጠቅልሎ እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይዞት መጣ። ከቦታው ሳይነሣ ቢጠሩን ይሻል ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ከመጣ በኋላ መልስ መስጠት ነበረብን፤ የሰው ነው ከተባለ የወንጀል ምርመራ መከፈቱ አይቀርምና።

አዲስ የተመደበው ወጣት ባልደረባዬ ቀድሞ ተቀበለውና ጥርሶቹን ቆጠረ። «ጋሼ፣ ከላይ ዐሥር፣ ከታች ዐሥር፤ ሁሉም የወተት ጥርስ ነው። 20 የወተት ጥርስ ያለው የሰው ልጅ ነው» አለኝ። ሳጅኑ ይህን ሲሰማ ብዕሩን አወጣ። ቆጠራው ልክ ነበር፤ ከቆጠራው የተወሰደው ፍርድ ግን አልነበረም። የጭላዳ ግልገልም የወተት ጥርሷ 20፣ ስታድግም እንደ ሰው 32 ነው። ይባስ ብሎ የመንዝ በግም በግልገልነቱ 20፣ ሙሉ ጥርስ ሲያወጣ 32 ስላለው፣ ቁጥር ብቻውን ሰውን ከበግ እንኳ አይለይም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማሳያ ካስቀመጥናቸው ቅሎች የበጉን፣ የአህያውንና የውሻውን አውርጄ ከመጣው ቅል ጎን ደረደርኳቸውና፣ ወጣቱን ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ ያለውን አጥንት ብቻ እንዲከታተል ነገርኩት። ይህ አጥንት ከአፍንጫ ቀዳዳ ግራና ቀኝ የሚገኝ ሲሆን፣ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች የሚሸከም ነው። በአህያና በውሻ ስድስት ጥርሶች ይዟል። በበግ አጥንቱ አለ፣ ጥርስ ግን የለውም፤ በጉ ሣሩን የሚቆርጠው የታች ጥርሶቹን ከላይ ካለው ጠንካራ ድድ ጋር አጣብቆ ነው። በሰውና በዝንጀሮ አራት ጥርስ ይይዛል። በሰው ግን ገና ሳይወለድ በፊቱ ገጽ በኩል ከጎረቤቱ አጥንት ጋር ስለሚዋሐድ፣ የቀድሞ ሊቃውንት «ሰው ይህ አጥንት የለውም» እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1784 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰው ቅል ላይ አሻራውን ማግኘቱ እስከ ዛሬ ይጠቀስለታል። ሳጅኑ ባመጣው ቅል ላይ፣ ከአፍንጫው ጎን ተነሥቶ ወደ ጥርሶቹ የሚወርድ ቀጭን የአጥንት ስፌት በግራም በቀኝም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። በሕፃን ልጅ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ስፌት አይጠበቅም።

ሠራተኞቹ የሰው መስሏቸው መደንገጣቸው ግን አያስገርምም። የውሻ ዐይን ጉድጓድ በኋላ በኩል የአጥንት ቀለበቱ ያልተዘጋ ነው፤ የበግና የአህያ ቀለበት ቢዘጋም ከጀርባው ክፍት ነው። የዝንጀሮና የሰው ዐይን ደግሞ ወደ ፊት የሚመለከት ከመሆኑም በላይ ከኋላው በአጥንት ግድግዳ የተከለለ ነው። በዚያ ላይ በግልገልነት ዘመን አንጎል ቀድሞ፣ መንጋጋ ዘግይቶ ስለሚያድግ፣ የትንሽ ጭላዳ ፊት አጭር፣ ግንባሯም ክብ ነው። ረጅም ክራንቻ ያበቀለ የትልቅ ወንድ ቅል ቢሆን ኖሮ ክርክሩም ባልተነሣ።

ከዚያ ቅሉን ገልብጬ ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበትን ትልቁን ቀዳዳ አሳየኋቸው። በሰው ቀዳዳው ከቅሉ ሥር መካከል አካባቢ ሆኖ ወደ ታች ሲከፈት፣ የዚህኛው ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። የታችኛው መንጋጋ ከጥርሶቹ ሥር ወደ ኋላ ያዘነበለ እንጂ እንደ ሰው ወደ ፊት የወጣ አገጭ አልነበረውም፤ የመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋ ጥርሶችም በአግድም የተቀመጡ ሁለት ሸንተረሮች ነበሯቸው።

ሳጅኑን ያሳመነው ግን ሌላ ነገር ነበር። «የሰው ልጅ 20 የወተት ጥርሱን የሚጨርሰው በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ዕድሜ አንጎሉ የትልቅ ሰው አንጎል ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ይህ ቅል ግን ከብርቱካን እምብዛም አይበልጥም» አልኩት። የጎልማሳ ጭላዳ አንጎል እንኳ ገና ከተወለደ ሕፃን አንጎል ያንሳል። ወጣቱ የቆጠረው ቁጥር ከቅሉ መጠን ጋር ሲገናዘብ፣ የሰው አለመሆኑን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ዋነኛው ሆኖ ተገኘ።

ማብራሪያውን ራሱ ወጣቱ እንዲጽፈው አደረግሁ። ሳጅኑ «የሞተበትን ምክንያትም ጨምሩልኝ፤ ከገደል ወድቆ ነው በሉ» ቢለንም፣ በአጥንቱ ላይ ያን የሚያስረዳ ስብራት ስላላየን አልጻፍንም። የጻፍነው ቅሉ የጭላዳ ግልገል መሆኑን፣ ይህን የተናገርንባቸውን ምልክቶች፣ እንዲሁም ከዚያው ቦታ ሌላ አጥንት ቢገኝ ሳይነካ በቅድሚያ ለሆስፒታል ሐኪም እንዲነገር ነው። ሳጅኑ ወረቀቱ አጠረብኝ ብሎ ትንሽ ቢያጉረመርምም ፈርሞ ወሰደው።