የሞረድ ምልክት

ቅዳሜ፣ ማታ

ባለ ሁለት አፈሙዟን አሮጊት ጠመንጃ ዛሬ ፈታኋት። ሳምንቱን ሙሉ ስሸሻት ነው የከረምኩት። ባለፈው እሑድ ላጸዳት አውጥቼ፣ ሁለቱም አፈሙዞች ባዶ መሆናቸውን በመብራትም በጣቴም አረጋግጬ፣ ቃታዎቹን፣ ማለትም ከላይ ሆነው የሚመቱትን መዶሻዎች፣ ወደ ኋላ ስቤ አፈሙዙን ጠበቅ አድርጌ ስዘጋው የቀኙ ቃታ ጧ ብሎ ወደቀ። በጣት የሚሳበውን ምላጭ የነካው የለም። ደገምኩት፤ እሷም ደገመችው። ጥይት ጎርሳ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ መዳፌን አላበኝ።

ዕድሜዋን ያገኘሁት አፈሙዟ ሥር ከተመቱት ምልክቶች ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ጥንካሬ የሚፈተሽበት፣ የእንግሊዙ በርሚንግሃም መፈተሻ ቤት ማኅተም አለባት። አጠገቡ በእንግሊዝኛ «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ጽሑፍ ጫፋቸው ጠበብ ተደርጎ በተሠሩ አፈሙዞች ላይ ይመታ የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1887 ስለሆነ ልደቷ በዚያ መሃል ነው። እንግዲህ ከእኔም ከአያቴም ትበልጣለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ፊት ካቻቢቴ ይዞ መቆም ትንሽ ያሳፍራል።

ከብሎኖቿ ጋር ሁልጊዜ ጠብ አለን። የጭንቅላታቸው ስንጥቅ ፀጉር ነው የሚያክለው። የዛሬ ካቻቢቴ ጫፉ ሽብልቅ ስለሆነ ስንጥቁ ወለል ላይ አይደርስም፤ ከላይ ብቻ ይነክስና ከንፈሩን ይገጥበዋል። ስለዚህ አንድ ካቻቢቴ መሥዋዕት አድርጌ ለስንጥቁ ልክ ሞረድኩት። ዘይት ጠብ አድርጌባቸው ሌሊቱን አድረው ነበር፤ ጠዋት ጢቅ ብለው ለቀቁ። እያንዳንዱን ብሎን የጎን ሰሌዳውን፣ ማለትም የቃታውን መሣሪያ የተሸከመውን ብረት፣ ሥዕል በሣልኩበት ካርቶን ላይ፣ በየቦታው ሰካሁት። ብሎኖቹ መንትያ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ጥሩ ሠሪዎች ብሎኑ ሲጠብቅ ስንጥቁ ከጠመንጃው ርዝመት ጋር እኩል ተኝቶ እንዲቆም አድርገው ነበር የሚጨርሱት፤ ቦታ ከተቀያየሩ ወዲያው ያሳብቃሉ። ከቀኙ ጎን አንዱ ስንጥቅ ገና ሳልፈታውም አግድም ቆሞ ነበር። አንድ ሰው ከእኔ በፊት እዚህ ገብቷል ማለት ነው፤ ያውም ቸኩሎ።

ሰሌዳው ከእንጨቱ ሲላቀቅ ውስጡ በደረቀ ዘይት ቡናማ ሆኗል። ትልቁ ሞላ እንደ ወረንጦ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ይህን ሞላ በፒንሳ ጎትቶ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ዓይኑን የማይወድ ሰው ነው። ቃታውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ስቤ፣ ሞላው በተጨመቀበት በመያዣ ጥርቅም አድርጌ አሠርኩትና ቃታውን ቀስ ብዬ መለስኩ። ያኔ ሞላው ከነመያዣው ወጣ። ቀጥሎ ትንሹ ሞላ፣ ከዚያ ሁሉንም ከላይ አቅፋ የያዘችው ሽፋን፣ ከዚያ ዋናዎቹ ሁለቱ፦ ከቃታው ጋር አብራ የምትዞረው ጥርስ ያላት ብረት፣ እና ጥርሱ ውስጥ ገብታ ቃታውን አቁማ የምትይዘው ምላስ። ምላጭ ሲሳብ ሥራው ይችን ምላስ ከጥርሱ ማውጣት ብቻ ነው። ሌላውን ሞላው ይጨርሰዋል።

ምላሷን በላምባ አጥቤ በማጉያ መነጽር ሳያት ጫፏ ላይ ሰያፍ የሞረድ ጭረት አለ። ሦስት መስመር፣ ያውም በሸካራ ሞረድ። «ማነው ይሄ አናጢ…» ብዬ ጀመርኩና አፌ ተከፍቶ ቀረ።

እኔ ነኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ምላጩ ከበደኝ። የሆነ ሰው ጥሩ ጠመንጃ ምላጩ ቀላል ነው ሲል ሰምቼ፣ የበር ማጠፊያ የምሞርድበትን ሞረድ አንስቼ ጫፏን «ለስለስ» አደረግኳት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ቀለለ፣ ደስ አለኝ፣ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ 22 ዓመት ሆኖታል። ስድቡን ዋጥኩት።

አሁን ሳየው ጥፋቱ ሁለት ነው። የጥርሱና የምላሱ ማዕዘን የተሠራው የሞላው ግፊት ምላሷን ይበልጥ ወደ ጥርሱ እንዲያስገባት ነበር። እኔ ጠርዙን ሳከብበው ያው ግፊት ምላሷን ወደ ውጭ ይገፋት ጀመር። ሁለተኛው የባሰ ነው። የእነዚህ ትንንሽ ብረቶች ጥንካሬ ላይኛው ስስ ቆዳ ላይ ብቻ ነው፤ ውስጣቸው ለስላሳ ነው። ቆዳውን በሞረድ ገፍፌ ለስላሳውን አውጥቼ ሄድኩ። እሱ ደግሞ በሳብኩት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለቀ፣ ባለፈው እሑድ ጨረሰ።

እሑድ፣ ማታ

ጠዋት አንድ ብየዳ የሚያውቅ ወዳጄ ጫፏ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች ጠብታ ጠንካራ ብረት አሳረፈልኝ። የቀረው የእኔ ነበር፦ ያቺን ጠብታ ወደ ምላስ መመለስ። ጥርሱን በሻማ ጥላሸት አጠቁሬ ሁለቱን አገናኛለሁ፣ ጥላሸቱ የተፋቀበትን አያለሁ፣ በጥሩ ድንጋይ እፍቃለሁ፣ እንደገና አጠቁራለሁ። ለአንድ ሚሊሜትር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቼሪ እስክትመስል አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኳት። አጽድቼ፣ ጠርዙ እንዳይሰባበር ለማስታገስ በጋለ አሸዋ ላይ አስቀመጥኳት። መድረስ ያለባት የገለባ ቢጫ ላይ ነው፣ 225 ዲግሪ ገደማ። ስልክ ጮኸ፣ ዞር አልኩ፣ ስመለስ ሰማያዊ ሆናለች። ሰማያዊ ለሞላ ነው፤ ለጠርዝ ይለሰልሳል። ከማጋሉ ጀምሬ ደገምኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስልኩን ሌላ ክፍል ዘጋሁበት።

ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እሺ ከዚህ በኋላ ትተኩስበታለህ?»

«አልተኩስበትም። አፈሙዟ የብረትና የአረብ ብረት ክሮች ተገምደው፣ ተጠቅልለው በመዶሻ የተጣበቁ ናቸው። የዛሬን ባሩድ አትችልም።»

«ታዲያ ለምን ታሠራታለህ?»

«ቃታዋ በራሱ እንዳይወድቅ።»

«ጥይት ከሌላት ቢወድቅስ?»

መልስ አልነበረኝም። ዘይት መቀባቴን ቀጠልኩ። እሷም ካርቶኑ ላይ የተሰኩትን ብሎኖች በጣቷ እየነካች ትቆጥር ጀመር።

ማታ ገጠምኩት። ባዶውን በምላጩ ላይ የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥዬ ለካሁ፦ አንድ ነጥብ ስምንት ሊትር ላይ ለቀቀ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ። ትናንት ሳልፈታት በዚያው ጠርሙስ ስለካው አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል ጠበቅ አድርጌ ዘጋኋት፤ ሰደፏን በጎማ መዶሻ መታሁ፤ ቃታው አልተነቃነቀም። ምላጩን ስስብ ወድቆ መታና ወዲያው ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ መመለስ እንግሊዛዊው ጠመንጃ ሠሪ ጆን ስታንተን እ.ኤ.አ. በ1867 ፓተንት ያወጣበት ብልሃት ነው፤ መቺው ፒን ቀለሁ ውስጥ ተተክሎ አፈሙዙን አላስከፍት እንዳይል። የሰው እጅ ከ140 ዓመት በላይ እንዲህ ሲሠራ ማየት ያስቀናል።

ያ አንዱ ብሎን ግን አሁንም አግድም ቆሟል። ኦሪጅናሉን ያኔ የት እንደጣልኩት ትዝ አይለኝም።