ጣቴ አልለምድ ብሎኝ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪ እጽፋለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት በአንድ የአማርኛ ሶፍትዌር ብቻ ስለሠራሁ ጣቴ ፊደሉን ሳላይ ያገኘው ነበር። አምና አሮጌው ዴስክቶፕ ጭራሽ አልነሳም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁና በነፃ የሚገኘውን ኪይማን የሚባል የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ጫንኩበት።

መከራዬ ያኔ ጀመረ። የጫንኩት የፊደል ገበታ በእንግሊዝኛው ፊደል ድምፅ የሚሄድ ነው። ቲን ስትነካ ት፣ ሺፍት ይዘህ ስትነካ ጥ። ቀላል ይመስላል፤ ጣቴ ግን የድሮውን ቦታ ካልፈለግኩ ይላል። ይባስ ብሎ ሺፍት ስጫን አልትንም አብሬ እነካለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ቋንቋ ይቀይራሉ። ከወረቀቱ ቀና ስል ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ተሞልቷል። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ!

አንድ ቀን አንዲት እናት ውል አጻፉኝ። ስማቸው በፀሐዩ ፀ ነው፤ እኔ በጸሎቱ ጸ ጻፍኩት። በማግስቱ ተመለሱ። «ልጄ፣ ከመታወቂያዬ ጋር አይሄድም ብለው መለሱኝ እኮ።» አፈርኩ። ፀሐዩን ፀ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ስዳክር ቆየሁ። ለካ ሺፍት ይዞ ኤስን ሁለቴ መንካት ነው። ያለ ሺፍት ሁለቴ ከሆነ ንጉሡ ሠ።

በዚያው ቀን ሴቲንግ ገብቼ የአልትና ሺፍቱን መቀያየሪያ አጠፋሁት። አሁን በዊንዶውስና በስፔስ ነው የምቀይረው፤ እሱን ጣት በስህተት አይነካውም። ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን አማርኛም አስወጣሁ። ሁለት አማርኛ ካለ የትኛው ላይ እንዳለህ አታውቅም።

ልምምዱን በአሮጌ ውሎች አደረግኩት። ድሮ የጻፍኳቸው ፋይሎች አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ ምልክት ብቻ ናቸው፤ ያ ሶፍትዌር የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጠው በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ ነበርና። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ስርዓት፣ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት። ስለዚህ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ የወረቀት ኮፒያቸውን ከማኅደር እያወጣሁ እንደ አዲስ ጻፍኳቸው። በሁለት ወር ጣቴ ተገራ።

እስካሁን ያላሸነፍኩት «ስስት»ን ነው። እንዳለ ስጽፈው «ሥት» ይለኛል። ስለዚህ ስ፣ ስፔስ፣ ከዚያ ስት እልና ተመልሼ ስፔሷን አጠፋለሁ። ደግነቱ የኪራይ ውል ላይ ስስት ተብሎ አይጻፍም።