ያ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ

ልጄ 14 ወሯ ላይ ተቅማጥ ያዛት። በቀን ሰባት ስምንቴ። ከሰፈር ፋርማሲ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ገዛሁ፤ እጄን ታጥቤ ኦ አር ኤሱን በጠበጥኩ፤ በማንኪያ እየቆጠርኩ ሰጠኋት።

የተሳሳትኩት ውሃው ላይ ነው። ቤት የነበረው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ፓኬቱን እንዳለ ገለበጥኩበት። ወፈር ካለ ቶሎ ያበረታታታል ብዬ ነው። ፋርማሲስቱ "በውሃ በጥብጠሽ ስጫት" ብሎ ሸኘኝ። በስንት ውሃ? አላለም። እስካሁን ያናድደኛል። ግን ፓኬቱ ላይ "በአንድ ሊትር" ተብሎ ተጽፏል። አላነበብኩትም፤ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው።

በማግስቱ ጥሟ አልቆርጥ አለ። አፏ ደረቀ፣ ስነካት ትበረግጋለች፣ ተቅማጡም ባሰ። እኔ ደግሞ ተጠማች ብዬ ያንኑ እጨምርላታለሁ! ሆስፒታል ደሟ ሲታይ ሶዲየሟ፣ ማለትም የደሟ ጨው፣ 158 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው ከ135 እስከ 145 ነው።

"የኔ እናት፣ በስንት ውሃ በጠበጥሽው?" አለችኝ ሐኪሟ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ትንሽ ዝም አለች።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጨውና ስኳሩ በልክ ሲሆኑ ከአንጀት ተያይዘው ወደ ደም ይገባሉ፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። በአንድ ሊትር የተበጠበጠው በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየም አለው። በግማሽ ሊትር 150 ይሆናል፤ ከደም ይበልጣል። ያኔ ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። ደም ውስጥ ጨው ሲበዛ ደግሞ ሴሎች ውሃቸውን ይለቃሉ፤ የአንጎልም ሴሎች። በጥድፊያ ማውረድም አይቻልም፤ ሶዲየሙ ቶሎ ከወረደ አንጎል ያብጣል። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ በየስድስት ሰዓቱ ደም ተቀዳላት። ደም ስር ጠፍቶ ያቺን ትንሽ እጇን ሲያገላብጡ፣ ጣቶቿን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።

ዳነች፣ ተመስገን።

ፓኬታችሁ ስንት ውሃ እንደሚል አንብቡ። በብርጭቆ አትገምቱ፤ የየቤቱ ብርጭቆ ይለያያል። ፓኬት ከጠፋ ጨውና ስኳር በማንኪያ ለክታችሁ በጥብጡ የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። የአንዷ ማንኪያ ልሙጥ፣ የሌላዋ ቁልል ነው። ጎረቤት አንኳኩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ፓኬት ፈልጉ። ጡት ግን አታቋርጡ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ኦ አር ኤስ ድፉት።

ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ሌላ ነገር አይቀዳበትም።